በሁለት ጥማድ መሬት ላይ ምን ይረባ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በሀቢቾ የቀረበ ንግግር)




በሀዲያ ምድር የሰው ክብር በከብት ብዛት ይለካ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ከብቱ መቶ የሞላለት አባወራ ወገኑን ጠርቶ ደግሶ ያበላ፣ በአደባባይም ማዕረግ ያገኝ እንደነበር አረጋውያን ያስታውሳሉ። በዚያ ዘመን መሬቱ ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት፣ ግጦሹም የጋራ ነበር። ከብት ለማርባት ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ትንሹ ጥያቄ "ምን ይበላል?" የሚለው ነበር። ዛሬ በሀቢቾና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ትልቁ ጥያቄ እርሱ ሆኗል። ልጅ ከአባቱ፣ አባት ከአያቱ እየተካፈለ የመጣው ማሳ ጠብቦ፣ ብዙው ቤተሰብ በሁለት ጥማድ፣ ማለትም በግማሽ ሄክታር አካባቢ፣ ከዚያም ባነሰ መሬት ላይ ይኖራል። የጋራው ግጦሽ ታርሷል፣ ወይም ቤት ተሠርቶበታል።

ይህ ሁሉ ሲለወጥ ያልተለወጠ ነገር ቢኖር ከብት የመቁጠር ልማድ ነው። ዛሬም አንድ አባወራ ስንት ከብት እንዳለው እንጂ ከብቱ በዓመት ስንት ወር ጠግቦ እንደሚበላ የሚጠይቀው የለም። በበጋ ወራት፣ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት፣ በየደጁ አጥንታቸው የሚቆጠር አራትና አምስት ከብቶች ታስረው ይታያሉ። ከአምስቱ አንዲቷ ትታለባለች፤ እርሷም ለጥጃዋ ያህል ነው። ስለዚህ የዚህ ንግግር ርዕስ "እንዴት ከብት እናብዛ" የሚል ሳይሆን፣ ለሁለት ጥማድ መሬት የሚስማማው የቤት እንስሳ የትኛው ነው፣ ስንትስ ይበቃል የሚል ነው።

መልሱን ከእንስሳው ሳይሆን ከመኖው መጀመር ይገባል። ለምሳሌ ያህል ሁለት ጥማድ ያለው አንድ ቤተሰብ ይወሰድ። አንዱ ጥማድ ስንዴ ይዘራበታል። ሁለተኛው ጥማድ ቤቱን፣ ደጁን፣ ጓሮውንና እንሰቱን የያዘ ነው። ጥሩ ዓመት ሆኖ ከአንዱ ጥማድ ሰባት ኩንታል ስንዴ ቢገኝ፣ ገለባው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ኩንታል ቢሆን ነው። በሌላ በኩል 250 ኪሎ የምትመዝን የአገር ላም በቀን የክብደቷን መቶኛ ሁለት ተኩል ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ ይህም በቀን ስድስት ኪሎ ከሩብ ማለት ነው። በዓመት ሲባዛ 23 ኩንታል ገደማ ይመጣል። እንግዲህ የማሳው ገለባ በሙሉ ለአንዲት ላም ቢሰጥ ከአምስት ወር አያልፍም። አምስት ከብት ካለ አንድ ወር አይሞላም ማለት ነው። ከብቶቹ በሕይወት የሚቆዩት በመንገድ ዳር ሣር፣ በእንሰት ቅጠልና ከሌላው ማሳ ላይ በሚለቀመው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ አይመግብም። በስንዴ ገለባ ውስጥ ያለው ገንቢ ንጥረ ነገር ከመቶ ሦስት ወይም አራት እጅ ብቻ ሲሆን፣ የከብት ጨጓራ በደንብ እንዲፈጭ ግን ቢያንስ ሰባት ያህል ያስፈልገዋል። ከብቱ ገለባ እየበላ የሚከሳው በዚህ ምክንያት ነው። ጠዋት ማታ ገለባ እየቀረበላት ወተቷ የነጠፈ ላም ባለቤት "ቡዳ በላት" ከማለቱ በፊት ግርግሙን ቢያይ መልካም ነው።

በእንሰት አካባቢ የሚኖር ገበሬ ግን ሌላው የሌለው ሀብት አለው። የእንሰት ቅጠል ገንቢነቱ ከገለባው በሦስት እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ በበጋም ለምለም ነው። ግንዱና አሚቾው ደግሞ ውሃና ኃይል ሰጪ ናቸው፤ ተከትክተው ከገለባ ጋር ሲደባለቁ ድርቁን ወራት ያሻግራሉ። በአንጻሩ እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም። በቀድሞው የሀዲያ ቤት ከብቶቹ በአንድ ወገን ከሰው ጋር አብረው የሚያድሩት፣ ጠዋት ጠዋትም እማወራዋ እበቱን ጠርጋ ወደ እንሰቱ ሥር የምትወስደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ጠብቆ ለሚደርስ ተክል የሚሆነው ማዳበሪያ ከዚያው ከቤት ይወጣ ነበር። አንዲት የአገር ላም በቀን ከስምንት እስከ አሥር ኪሎ እርጥብ እበት ትሰጣለች። ስለሆነም ሁለት ጥማድ ላለው ሰው "ከብትን ጨርሰህ ተው" የሚል ምክር፣ አንዳንድ ጊዜ ከከተማ የሚመጣ፣ እንሰቱን ጨርሰህ ተው እንደማለት ነው። ቢያንስ አንድ የቀንድ ከብት ከዚህ ቤት መጥፋት የለበትም። ጥያቄው የትኛው የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ማለፍ የለበትም። አጠውልግ በሽታ የያዘው እንሰት ለከብት መኖ ተቆርጦ በየቦታው ሲጎተት፣ በዚያው ቢላዋም ጤነኛው ሲቆረጥ፣ በሽታው ከማሳ ማሳ ይዛመታል። የታመመው እንሰት ተነቅሎ ይቀበር እንጂ ወደ ግርግም አይሂድ። ቢላዋውም በእሳት ይለብለብ።

ብዙው አባወራ መጀመሪያ የሚያስበው በሬ ነው። በሬ የሌለው ገበሬ ገበሬ አይባልም የሚል ስሜት ጠልቆ የገባ ነው። ነገር ግን "ጥማድ" የሚለውን ቃል ራሱን መመርመር ይበጃል። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። አንዱ የስንዴ ጥማድ አራት ወይም አምስት ጊዜ ቢታረስ፣ በሬዎቹ በዓመት የሚሠሩት አራት ወይም አምስት ቀን ብቻ ነው። ጓሮውም ቢጨመር ከአሥር ቀን አይበልጥም። በቀሩት 355 ቀናት በሬዎቹ የሚበሉት ለላሟ የሚገባውን ነው። ሁለት በሬ በሁለት ጥማድ ላይ ማኖር፣ በግልጽ ለመናገር፣ ክብር እንጂ እርሻ አይደለም።

በሬ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። አባቶች ለዚህ መፍትሔ ነበራቸው። አንድ በሬ ያለው ከአንድ በሬ ባለቤት ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ከዚህ አልፎ ጥሩ ስሌት የሚያደርጉ ገበሬዎች አሉ፤ የእርሻው ሥራ ሲቃረብ ወጣት በሬ ይገዛሉ፣ በመቀናጆ ያርሱበታል፣ ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ሲበረታ ደግሞ ለሦስት ወር ያህል አስረው ይቀልቡትና ለመስቀል ያወጡታል። በሀዲያ የመስቀል ወቅት፣ የያሆዴ በዓል፣ ለሥጋ የሚሆን በሬ እንዴት እንደሚፈለግ ማንም የሚያውቀው ነው። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ በቱታ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ያ ገንዘብ በመስከረም አጋማሽ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ይወጣል። በዚያ ሳምንት የሰባ በሬ ያለው ሰው ዋጋ ይቆርጣል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ያንኑ በሬ የሚጠይቀው ሰው ይቀንሳል፤ ስለዚህ "ትንሽ ይጨምር" ብሎ ማቆየት ብዙዎችን ያከሰረ ነገር ነው። የሰባ በሬ በየቀኑ ይበላል፤ ሥጋው ግን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አይጨምርም።

አሁን ወደ ላሟ። ድቅል ላም የብዙ ቤተሰብ ሕልም ናት። በደንብ የተያዘች ድቅል ላም በቀን ስምንትና አሥር ሊትር ልትሰጥ ትችላለች፤ የአገር ላም ግን በአማካይ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ነው። ልዩነቱን ያየ ሰው ሌላ ነገር ለመስማት አይፈልግም። ይሁን እንጂ ወተቱ ከሰማይ አይወርድም። 400 ኪሎ የምትመዝን ድቅል ላም በቀን 12 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። በዓመት ከ43 ኩንታል በላይ ነው። ለያንዳንዱ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ያህል ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ የመሰለ ድብልቅ ስለሚያስፈልግ፣ ስምንት ሊትር የምትታለብ ላም በቀን አራት ኪሎ፣ በአሥር ወር የአለባ ጊዜዋ ደግሞ 12 ኩንታል የሚገዛ መኖ ትጨርሳለች። የቀረው ከ30 ኩንታል በላይ ሣርና ገለባ ከማሳው፣ ከጓሮውና ከግዢ መምጣት አለበት። ውሃ ብቻ በቀን ከ40 እስከ 70 ሊትር ትጠጣለች። ውሃው ከምንጭ በጀሪካን የሚቀዳ ከሆነ፣ ሁለትና ሦስት ጀሪካን ማን ይሸከማል? ይህን ጥያቄ ገዢው አባወራ ሳይሆን የምትሸከመዋ እናት ወይም ልጅ ብትመልሰው ይሻላል።

ይህ ጉዳይ በሆሳዕናና በአካባቢዋ ልዩ ክብደት አለው። ከየቀበሌው ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። እዚያ ያለው ልጅ እናቱን ሊጦር ፈልጎ ገንዘብ ይልካል፤ "በዚህ ጥሩ የፈረንጅ ላም ግዙ" ይላል። ሐሳቡ የተባረከ ነው። ነገር ግን ሣር የሚያጭደው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ በረት የሚጠርገው ጉልበት የሄደው ከልጁ ጋር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ ላሟ በመጀመሪያው ዓመት ቤቱን ታስደስታለች፣ በሁለተኛው ዓመት ትከሳለች፣ በሦስተኛው ዓመት ትሸጣለች። ጥፋቱ የላሟ አይደለም፣ የእናቲቱም አይደለም። ገንዘቡ ላሟን ብቻ ገዝቶ መኖውን፣ ውሃውንና ጉልበቱን ስላልገዛ ነው። ከተላከው ገንዘብ ግማሹ ለጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ለበረት፣ ለአንድ ዓመት መኖ ቢቀመጥና በቀረው አነስ ያለች እንስሳ ብትገዛ፣ ለሽማግሌዎቹ ቤት ይበልጥ ዕረፍት ይሆናል።

ከመግዛት በፊት ሌሎች ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው የወተቱ መውጫ ነው። ወተት አይጠብቅም። ቤቱ ከመኪና መንገድ ወይም ከወተት ተቀባይ ማኅበር ርቆ ከሆነ፣ ስምንት ሊትር ወተት ቅቤ ከመሆን በቀር መንገድ የለውም። ከአገር ላም ወተት ከ16 እስከ 20 ሊትር ተንጦ አንድ ኪሎ ቅቤ ይገኛል፤ የድቅሏ ወተት ስቡ ሳሳ ስለሚል ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ቅቤ ግን ገበያ ይጠብቃል፣ ለአታካናም ይሆናል። እናቶች በዊጆ ተሰባስበው ወተቱን ተራ በተራ ለአንዷ የሚያዋጡት ከጥንትም ይህንኑ አውቀው ነው፤ የአንዲት ላም የቀን ወተት ለመናጥ አይበቃም፣ የአሥር ቤት ወተት ግን ይበቃል። ሁለተኛው ሐኪሙና አዳቃዩ ምን ያህል ቅርብ ናቸው የሚለው ነው። ጠዋት የኮርማ ፍላጎት ያሳየች ላም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ያሳየች በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ያ ካለፈ 21 ቀን ይጠበቃል፤ ያንን ያህል ቀን ያለ ጥቅም ትበላለች። ሦስተኛው የቦታው ከፍታ ነው። ከጎምቦራ ደጋና ወይናደጋ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ የገንዲ ዝንብ ስላለች፣ እዚያ ድቅል ላም መውሰድ ገንዘብን ወደ ገደል መወርወር ነው። ለገንዲ ይበልጥ የሚቋቋም ዝርያ እንደ ቤንች አካባቢው ሸኮ ያለ ነው፤ የአካባቢው ከብትም ቢሆን ክትትል ይሻል።

ስለዚህ አንዲት ጥሩ የአገር ላም፣ ወይም ጉልበትና ገበያ ላለው አንዲት መካከለኛ ድቅል። ሁለት ላም አያስፈልግም። ሁለተኛው ከብት በየርቢ ከሌላ ሰው የመጣ ቢሆንም እንኳ መብላቱ ያው ነው፤ "የእኔ አይደለም" ተብሎ ሆዱ አይቀንስም።

ለሁለት ጥማድ መሬት ይበልጥ የሚመጥነው፣ ብዙም የማይወራለት፣ በግ ነው። 30 ኪሎ የምትመዝን እናት በግ በቀን አንድ ኪሎ የማይሞላ ደረቅ መኖ ይበቃታል። አንዲት የአገር ላም የምትበላውን ሰባት ያህል በጎች ይበሉታል። በግ በአምስት ወር ትወልዳለች፤ በደንብ ከተያዘች በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ መውለድ ትችላለች። ሦስት እናት በጎች ያሉት ቤት፣ የሚሞተው ተቀንሶ፣ በዓመት ሦስት ወይም አራት ግልገል ያሳድጋል ብሎ መገመት ማጋነን አይሆንም። ችግር ሲመጣ፣ የትምህርት ቤት ወጪ ወይም ሕመም፣ አንድ በግ ይሸጣል። ላም ብቻ ያለው ሰው ግን ለትንሽ ችግር የላሟን ሩብ ቆርጦ ሊሸጥ አይችልም። በዚህ ረገድ በግ ኪስ ውስጥ እንዳለ ዝርዝር ገንዘብ ነው።

ምስክሩም ሩቅ አይደለም፤ በጎረቤት ከምባታ፣ ዶዮገና ነው። የዶዮገና በግ በእድገቱና መንታ በመውለዱ የታወቀ ነው። እዚያ የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር በመሆን ገበሬዎችን በማኅበር አደራጅቶ በኅብረተሰብ የሚመራ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ሲያካሂድ ቆይቷል። የአሠራሩ ቁም ነገር ቀላል ነው። ከዚያ በፊት እንደ ሌላው አገር ሁሉ ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት በመጀመሪያ ወደ ገበያ ይሄድ ነበር፤ ዋጋ የሚያወጣው እርሱ ነውና። ለርቢ የሚቀረው ገዢ ያጣው ደካማው ነው። በየዓመቱ መልካሙ እየተሸጠ መናኛው አባት ሲሆን መንጋው እያነሰ ይሄዳል። በማኅበሩ አሠራር ግን የተወለደው ሁሉ ይመዘገባል፣ ይመዘናል፤ ምርጡ አውራ በማኅበሩ ተይዞ ለአባላቱ በጎች በተራ ያገለግላል። ለዚህ ያስፈለገው ሚዛን፣ መዝገብና መተማመን ነው። የሀቢቾ መሠረታዊ ማኅበራት ይህን ለመሥራት የሚጎድላቸው ነገር የለም።

ሙክት ማድለብም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ለ90 ቀናት ያህል ታስሮ ሣር፣ የእንሰት ቅጠልና ጥቂት ፉርሽካ የተቀለበ በግ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ኪሎ ይጨምራል፤ ለመስቀልም ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ የትል መድኃኒት ሳይሰጠው ማድለብ ግን ትሉን ማድለብ ነው። ረግረግ ላይ የሚግጥ በግም የጉበት ትል ይይዘዋልና በክረምት መጨረሻ ወደ ውሃ ዳር አይሰደድ።

ፍየል ለወይናደጋው እንሰት ጓሮ አትስማማም። ሣር ትታ ቅጠልና ችግኝ ትበላለችና ከጎረቤት ጋር ታጣላለች። ቁጥቋጦ ባለበት በቆላው ግን ከበግ የምትሻለው እርሷ ናት። አህያ ገበያው ሩቅ ለሆነ ቤት የሴቶችን ጀርባ ያሳርፋልና በጋራ መግዛትም ይቻላል። ጥንቸልና አሳማ ትንሽ ቦታ የሚይዙ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ አካባቢ የሚበላቸውና የሚገዛቸው ጥቂት ስለሆነ፣ ገበያ ሳይረጋገጥ መጀመር አያስፈልግም።

ዶሮ የእማወራዋ ሀብት ናት፤ ገንዘቡም በእጇ ይገባል። የአገር ዶሮ በዓመት ከ50 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ራሷ ለቅማ ትኖራለች። የተሻሻሉት ዝርያዎች ብዙ እጥፍ ይጥላሉ፤ ግን እያንዳንዷ በቀን 110 ግራም ያህል የተዘጋጀ መኖ ትፈልጋለች። አሥር ዶሮ በወር 33 ኪሎ ማለት ነው። በደጅ ጥሬ ብቻ ተለቅቀው እንደ አገር ዶሮ ይኑሩ ከተባለ እንቁላሉም እንደ አገር ዶሮ ይሆናል። ለሁለት ጥማድ ቤት ከአምስት እስከ አሥር ዶሮ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ማደሪያ ተሠርቶላቸው፣ በቂ ነው። ዋናው ጠላት ፈንግል ነው፤ ገብቶ በሳምንት ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። ክትባቱ ዓይን ውስጥ የሚጠብ ነው፤ በየሦስት ወሩ ካልተደገመ ግን አይሠራም። አንድ የክትባት ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ስለሆነ አንድ ቤት ብቻውን ቢገዛው ይባክናል። መንደሩ በአንድ ቀን ዶሮዎቹን ይዞ ቢወጣ ለሁሉም ይበቃል። ይህ የማኅበር ሥራ ነው።

ንብ መሬት አትጠይቅም። በባህላዊ ቀፎ አምስትና ስድስት ኪሎ ማር የሚያገኝ ገበሬ በዘመናዊ ቀፎ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ማግኘት ይችላል። ነገር ግን በስንዴ ማሳ ላይ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ የሚረጭ ጎረቤት ባለበት፣ ርጭቱ ንብ በማትሰማራበት በማታ እንዲሆን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሲገዛ ጥርስ ማየት፣ ጡት መዳበስ፣ ዓይንና አፍንጫ መመልከት የአባቶች ዕውቀት ነው፤ መረሳት የለበትም። የበግ እናት ሁለት ወይም አራት ጥርስ የቀየረች ብትሆን ዕድሜ አላት። ላም ስትገዛ አራቱም ጡቶች በእጅ ይታለቡ፤ "ጥጃው ጠብቷት ነው" የሚል ሻጭ ካለ ማግስቱን ተመልሶ ማየት ነው። የተገዛው እንስሳ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሌሎቹ ተለይቶ ይሰር። ከገበያ የሚመጣው አፍተግር ወይም የበግና ፍየል ወረርሽኝ በዓይን ላይታይ ይችላልና። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በ1880ዎቹ መጀመሪያ አገሪቱን ከብት አልባ አድርጎ ክፉ ቀን ያመጣ ነበር፤ ዛሬ ከዓለም ጠፍቷል፣ በ2003 ዓ.ም.ም መጥፋቱ ተረጋግጧል። የጠፋው በክትባት ነው። ክትባት ሲመጣ ከብቱን ጫካ የሚደብቅ ሰው ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ከዩኒየኑና ከመሠረታዊ ማኅበራት የሚጠበቀው እንስሳ ማከፋፈል አይደለም፤ መኖ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ አንድ ሰው በኪሎ ሲገዛ በችርቻሮ ዋጋ ነው። ማኅበሩ ከፋብሪካ በመኪና ሲያመጣ ሌላ ዋጋ ነው። ዩሪያም ለማሳ ብቻ አይደለም። አምስት ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ በ100 ኪሎ ገለባ ላይ ተረጭቶ፣ በላስቲክ በደንብ ታፍኖ 21 ቀን ሲቆይ ገለባው ይለሰልሳል፣ ገንቢነቱም ይጨምራል። ተከፍቶ ሽታው እስኪወጣ አንድ ቀን አየር ይውሰድና ጥቂት በጥቂት ይሰጥ። ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ፣ ለአህያና ለፈረስ ግን አይሰጥም። ዩሪያውንም እንዲሁ ደረቁን ወይም በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ከብት ይገድላል።

ከሁሉ በፊት ግን ሣሩ ይተከል። ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ በጎረቤት ሌሞ ወረዳ በተካሄደው የአፍሪካ ራይዚንግ ፕሮጀክት ዴሾ ሣር፣ ትሪሉሰርንና አጃ ከጓያ መሰል ቬች ጋር ተዘርቶ በገበሬ ማሳ ላይ ተሞክሯል። ዴሾ ከጨንቻ የመጣ ሣር ነው፤ እርከን ላይ ሲተከል አፈር ይይዛል፣ ለእርሻ የሚሆን ቦታም አይሻማም። ትሪሉሰርን በአጥር ዙሪያ ይቆማል፤ ቅጠሉ ለበግም ለዶሮም ይሆናል። በሰኔ ዝናቡ ሲረጋ የዴሾ ግንጣይ በአንድ ክንድ ያህል ርቀት ይተከላል፤ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ እስካለ ድረስ በየሁለት ወሩ ገደማ። ሥሩ እስኪጠነክር ከብት አይግባበት። በመጀመሪያው ዓመት ለሁለት በግ የሚሆን ሣር ከተገኘ ሁለት በግ ይገዛ። በሁለተኛው ዓመት የእርከኑ ሣር ሲሰፋ፣ የገለባው ክምር ሲጠበቅ፣ የላሟ ጉዳይ ያኔ ይነሳል፤ ከመስቀል በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ከጎተራው በፊት የመኖ ክምሩ ተለክቶ።